ለአበባው፣ ስለ መከላከል

ውድ አበባው፣

…መፍቻውን በግራ እጅህ ይዘህ፣ የመስኖ ማኅበራችን የውሃ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለህ ነበር። ብሎኑን ትፈታው ይሁን ታጠብቀው አላውቅም። አልፌህ ሄድሁ። «በላይ፣ ሰላምታም ቀረ?» አልኸኝ። የሳቅሁ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። የአገራችንን የሐብሩን ደንብ ታውቀዋለህ፤ ሌባው እስኪታወቅ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ይውላል፣ እርሻው የሚሄድ የለም። ሽንኩርታችን ውሃ ጠምቶት ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሰው መነጫነጭ ጀመረ። ጥቆማ ለሽማግሌዎቹ በምስጢር የሚያደርሰውን «ወፍ» እንለዋለን፤ ማንነቱ አይነገርም።

ወፉ እኔ ነበርሁ።

ከማንም የሰማሁት አልነበረም። ያየሁትን ተናገርሁ፤ ምን እንዳየሁ ሳላውቅ።

ስምህ ሲጠራ አልማልህም፣ አልተከራከርህም። ቀዬውን ለቅቀህ ጠፋህ፤ በሐራ ከተማ በኩል ሄደ አሉ። ስድስት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ወር ሞተሩ መርሳ ከተማ ተገኘ። የኛው መንደር ሰው ገበየሁ እዚያ ጭድ ሥር ደብቆት ኖሯል። የሰረቅሁት እኔ ነኝ ብሎ አመነ።

አሁን የቀበሌው የጸጥታ ኮሚቴ አባል ነኝ። ማክሰኞ ከወልድያ የመጣው ፖሊስ ሚኪያስ «ወንጀል መከላከል» ምን ማለት እንደሆነ ለተሰበሰበው ሰው እንዳስረዳ ጠየቀኝ። «ጥፋቱ ሳይፈጸም ማስቀረት ነው» አልሁ፤ ወረቀቱ ላይ እንዲያ ይላል።

አያ ወልዴ ከኋላ ሆነው፣ «እኛ እንግዲህ ሞተሩም ሰውየውም ከሄዱ በኋላ ነው የምንከላከለው» አሉ። ሰው ሳቀ። እናትህ አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ «መከላከል» የሚለው ቃል አለቀቀኝም። ስበላ አለ፣ በረት ስዘጋ አለ። «አበባው፣ ምን እየሠራህ ነው?» አራት ቃል። ያን ዕለት ይህን ብዬህ ቢሆን የገበየሁ ስርቆት ላይቀር ይችላል። የእኔ ጥፋት ግን ይቀር ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ይህን ወረቀት ይዤ እናትህ ዘንድ ሄድሁ።

«እማማ ብዙነሽ፣ ለአበባው የምልከው ነበረኝ። ያለበትን ያውቁ እንደሆነ…»

ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ።

«ወፉ አንተ ነበርህ?»

«አዎ።»

«ቆይ» ብለው ገቡ።

የቀረውን ደጃቸው ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እየጻፍሁ ነው። ከውስጥ የሚያስል ሰው አለ። የእሳቸው ሳል አይደለም። «ይቅርታ» የሚለውን መጨረሻ ላይ ልጽፈው አስቀምጬው ነበር። አሁን አንድ እጅ የበሩን ጠርዝ ያዘ።

ግራ እጅ ነው፤ ያኔ መፍቻውን የያዘው።

በሩ ተዘጋ።