ማን ከማን ጎን

ጥቅምት 6
ዛሬም ቢሮ። ሐውልቱ ላይ የሚቀረጹትን ስሞች ተይቤ ጨረስኩ። ፋብሪካችን ሲቃጠል ያለቁት ሁሉ... ሁለቱ ወንድሞቼም። የማንም ሰው ስም ይመስል ጻፍኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አለቃዬ «በፊደል ተራ አድርጊው፣ ማንም ቅር እንዳይለው» አሉ። አንድ ቁልፍ ነካሁ። ትልቁ ወንድሜ መጀመሪያ፣ ትንሹ መጨረሻ። የግድግዳው ጫፍና ጫፍ።

ጥቅምት 7
ለእማዬ ነገርኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«አንድ አልጋ ላይ ያሳደግኋቸውን? ሞተውም ይለያዩ?»

ምሳም እራትም እምቢ አለች። ከቃጠሎው ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ጥቅምት 9
ፋይሉን ለድንጋይ ጠራቢው ወሰድኩ። በሱ ኮምፒውተር ሲደረድረው... ተራው ሌላ! ወንድሞቼ ጎን ለጎን።

«ምን ነካው?»

«ምንም። ያንቺ ከራስ ስም ይጀምራል። የኔን የሠሩት ሰዎች ደግሞ በአባት ስም ነው የሚደረድሩት። ማሽን ምን ያውቃል እህቴ፣ የነገሩትን ነው።»

የአንድ አባት ልጆች፣ እንዴት አይገናኙ! ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 10
አለቃዬ «የፊደል ተራ እስከሆነ ድረስ የፈለግሽውን ምረጪ» አሉ። እማዬ ስትሰማ እህል ቀመሰች።

ከሰዓት ሁለቱን ወረቀት አስተያየሁ። ባላየሁ! አዲሶቹ ሙሽሮች፣ ማሸጊያ ክፍል የነበሩት... በኔ ተራ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። በጠራቢው ግን እሷ ወደ አባቷ ስም፣ እሱ ወደ አባቱ። ተለያዩ።

ዝም ብል ማን ያውቃል?

ጥቅምት 12
አልቻልኩም። ለእማዬ አወጣሁት።

«ከተጋቡ ስንት ጊዜያቸው ነበር?»

«ሦስት ወር።»

«አይ ልጆቼን...»

የትኞቹን እንዳለች አልገባኝም። ቀጠለች፦ «የኔዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጣብቀው ኖረዋል። እነሱ ገና አልጠገቡም። ባንቺው ተራ ይሁን።»

ተናደድኩባት እኮ! ለራሷ ምን ቀራት? ግን እንዳለችው አደረግኩ።

ኅዳር 20
ሐውልቱ ተመረቀ። እማዬን ልብሷን ለባብሳ ከኔ ቀድማ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

የትልቁን ስም ዳሰሰች። ወደ ትንሹ ልወስዳት ስል እጄን ለቀቀችኝ።

«አንቺ እዛ ሂጂ። ብቻውን አይሁን።»

ሄድኩ። በመካከላችን ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እጄን ስሙ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ ጠራሁት። ከወዲያኛው ጫፍ እማዬ ትልቁን ስትጠራ ሰማኋት።