ጆሮዬን በር ላይ ለተረከበው የሙዚቃ በዓል ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ተስፋሁን
የ«ደጋ ዜማ» የሙዚቃ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ንፋስ መውጫ

ጉዳዩ፦ በእህቴ በሰርካለም ላይ የተጣለው እገዳ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም በጥር ወር ለሰባ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ያገለገለን ጉሮሮዎ እንደምን እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ቀለመ ወርቅ እባላለሁ፤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። «በታላቅ ትሕትና» የምትለዋን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ስጽፋት ስለኖርኩ፣ ዛሬ ለራሴ ስፈልጋት አልቃ ብትገኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኦቲዝም አለብኝ። ይህን ስም ሐኪም የነገረኝ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ ሌላ ሌላ ስም አውጥቶልኝ ነበር። ጆሮዬ ድምፅ አይመርጥም፤ እርስዎ ዘፋኙን ብቻ ሲሰሙ እኔ ዘፋኙንም፣ ጄኔሬተሩንም፣ የባጃጁን ጡሩምባም፣ ከኋላዬ ሽምብራ የሚቆረጥመውን ሰውዬም እኩል እሰማለሁ። ዜማ ግን ነፍሴ ነው። ልጅ ሆኜ ቤተ ልሔም ዜማ ቤት ስማር የኔታ ኃይለ ሚካኤል ከተማሪው ጫጫታ ለይተው ከወይራው ሥር ለብቻዬ ያስቀምጡኝ ነበር፤ ለዚህም ኮሚቴ አላቋቋሙም።

እህቴ ሰርካለም ከመስከረም ጀምሮ አንድ ዘፈን ስታዘጋጅ ከርማ፣ ኮሚቴዎም መርጧት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ልትወጣ ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ልሰማት ቃል ገብቼላት ነበር። እንግዲህ ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ቢሮዎ መጥቼ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፤ እህቴ በስንት ሰዓት እንደምትዘፍን፣ ድምፅ ማጉያው የት እንደሚቆም፣ የጆሮ መከለያ አድርጌ መግባት እችል እንደሆነ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ገነት በአክብሮት ተቀብላኝ፣ እህቴ ስምንት ሰዓት ላይ እንደምትወጣ፣ ማጉያው መድረኩ ፊት እንደሚሆን፣ ከኋላ ከባሕር ዛፉ አጥር ዘንድ ጸጥ እንደሚል፣ መከለያም ማንም እንደማይከለክለኝ በወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ በውስጡ ከተጻፈው እውነት ሆኖ የተገኘው ባሕር ዛፉ ብቻ ነው።

2. መከለያውን ያዋሰኝ ድንጋይ መፍጫ ላይ የሚሠራው ጎረቤቴ ጥጋቡ ነው። ጥበቃዎ «ዘፈን ልትሰማ መጥተህ ጆሮህን ትደፍናለህ? አርቲስቶቹን መናቅህ ነው» ብሎ በር ላይ ወሰደብኝ። የገነትን ወረቀት ባሳየው መነጽሩን ቤቱ ረስቶ መምጣቱን ገለጸልኝ። መመለስ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበርና ስለ እህቴ ብዬ ገባሁ። እርስዎ ንግግር በጀመሩ በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ዘወር ብል፣ ጥበቃው የእኔኑ መከለያ አድርጎ በሩን ተደግፎ ቆሟል። በእሱ አልቀየምም፤ ዕቃው ለተሠራለት አገልግሎት ውሏል።

3. ስምንት ሰዓት ላይ በእህቴ ፋንታ እርስዎ ወጡ፤ ከእርስዎ ቀጥሎ ሌላ ንግግር፣ ከዚያ የምስጋና ወረቀት እደላ ሆነ። ሁለቱ ትላልቅ ማጉያዎች ደግሞ ከመድረኩ ፊት ተነሥተው ከባሕር ዛፉ አጥር ዘንድ ተተክለው አገኘኋቸው። የክብር እንግዶች ጆሮ እንዳይታመም ታስቦ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። እንኳንም አሰባችሁላቸው። ጩኸት ጆሮ እንደሚጎዳማ ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው፤ ያላወቃችሁት ወንበር ያልተሰጠውም ሰው ጆሮ እንዳለው ነው።

ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግን ሁለት ጆሮዬን ይዤ መሬት ላይ ወደቅሁ፣ ጮህኩም። አንዱ ሰክሯል አለ፣ ሌላው ለክፎታልና ጸበል ይምጣ አለ። ሰርካለም ከመድረኩ አጠገብ ተራዋን ስትጠብቅ አይታኝ ኖሮ ሁሉን ትታ መጣች፤ ነጠላዋን ራሴ ላይ ጣል አድርጋ ደግፋ አወጣችኝ። ስሟ በማጉያው ሲጠራ ከበሩ እየወጣን ነበር። ሰምታለች፤ ግን ዞር ብላ አላየችም።

4. በሳምንቱ የክቡርነትዎ ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳት፤ «በተመደበላት ሰዓት በቦታው ባለመገኘቷ» ለሦስት ዓመት ታግዳለች ይላል። በተመደበላት ሰዓት በቦታው የተገኙት እርስዎ ስለነበሩ ለእርሷ ቦታ እንዳልተረፈ ለማስታወስ እደፍራለሁ። በዚያው ቀን በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን ይዤ፣ አፌን ከፍቼ የምታይበት ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩም «በሙዚቃ ፍቅር ራሱን የሳተ ታዳሚ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከፎቶው ጥግ፣ በቀኝ በኩል፣ ነጠላዋን በእጇ ይዛ የምትሮጥ ሴት አለች። ያልተገኘችው ድምፃዊት እርሷ ናት። መገኘቷን የሚያስረዳ ፎቶ በራሳችሁ ካሜራ አንሥታችሁ፣ በራሳችሁ ገጽ ላይ ስለለጠፋችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፤ በእኔ ላይ የሆነውን ለምጄዋለሁ። በእርሷ ላይ የጻፋችሁት ግን አንጀቴን አቃጥሎታል። ስለዚህ እገዳው በጽሑፍ እንዲነሣላት፣ ለመጪው ዓመትም ተራዋ ከማንም ንግግር በፊት እንዲያዝላት እጠይቃለሁ። ፎቶውን እገዳው እስኪነሣ አታውርዱት፤ እፈልገዋለሁ።

በሰባ ደቂቃ ንግግርዎ ውስጥ በዕድሜ የበሰልኩ፣ ምላሽዎን በጽሑፍ፣ ቢቻልም በዝቅተኛ ድምፅ የምጠባበቅ፣

ቀለመ ወርቅ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ አጥሩ ሥር ተራ ይዞ ለሚጠብቅ ባለጉዳይ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰርካለም ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ለምናኛለች፤ እምቢ ያልኳት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ገብስ ስታበጥርም ልብስ ስታጥብም ታንጎራጉር ነበር፤ ደብዳቤያችሁ ከደረሳት ወዲህ ግን ትንፍሽ አላለችም። ቤታችን ጸጥ ብሏል። ጸጥታ እንደምወድ አገር ያውቃል፤ ይህኛውን ግን መጥታችሁ ውሰዱልኝ።