ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፊው

ጥር 6

ልጻፈው ወይስ ልተወው... ለማንም ስላልነገርኩት እዚህ ይቀመጥ። ገንዘቤን ለቲቸር ሰጠኋቸው።

የሰው ገንዘብ አይደለም፣ የራሴ ነው። አክስቴ ከምትሰጠኝ ላይ እየቀነስኩ በክር ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቀምኩት። የራሴን የስፌት መኪና ልገዛበት ነበር። ያገለገለች፣ ፔዳሏ የሚንቋቋ እንኳን ብትሆን።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። አክስቴ ሱሪ ታሳጥራለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ቲቸር ኮታቸውን ሊያስጠብቡ መጡ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አክስቴ ሱቅ ስገባ የማታ ያስተማሩኝ ሴትዮ እሳቸው ናቸው። "መናገር ካቃተሽ ጻፊ" ብለው ይህን ደብተር የሰጡኝም እሳቸው።

አሁን ለምክር ቤት ይወዳደራሉ። ከተመረጥኩ የልብስ ሰፊዎቹ መደዳ አይፈርስም ይላሉ። በመደዳችን ጫፍ ባለ ዝሆኑ የቆርቆሮ አጥር አቁሟል፣ ሕንፃ ሊሠራ። ጨርቅ አስመጪ ነው። አጥሩ ላይ፣ ጭነት መኪናው ላይ፣ ጨርቁ ላይ ሰማያዊ ዝሆን አለ። ስሙን የሚጠራው የለም። ባለ ዝሆኑ ነው፣ በቃ።

አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ገንዘቡን አስጨበጥኳቸው። "ለማንም አይንገሩብኝ" ብቻ አልኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እናትዬ፣ ይሄ ከስንት ሀብታም ገንዘብ ይበልጥብኛል" አሉኝ።

ደስ ብሎኛል። ታዲያ ለምን ፈራሁ?

ጥር 9

ለቲቸር የምረጡኝ ቅስቀሳ ስካርፍ የምንሰፋው እኛ ነን። ጨርቁን ያመጣው ዝሆኑ ያለበት ጭነት መኪና ነው። አክስቴ ወገቧን ይዛ አየችው። "ባለ ዝሆኑ ለጠላቱም ይሸጣል እንዴ?"

ቲቸር ሳቁ። "ሌላ አስመጪ የት አለና? ከሰማይ ላውርደው?"

እውነታቸውን ነው።

ሲወጡ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፊው እሺ? እንዲያምር" አሉኝ። ዝሆኑ የታተመው ጠርዙ ላይ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ግን ከፋብሪካ የመጣው የጨርቅ ጠርዝ እኮ ክሩ አይፈታም። የሚታጠፈው በመቀስ የተቆረጠው በኩል ነው...

እንዲያምር ይሆናል። አጠፍኩት።

ጥር 13

ክርክሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። እኔና አክስቴ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር።

መጀመሪያ የተናገረው ሌላው ተወዳዳሪ፣ ባለ ወፍጮው ነው። "እኔ አልደብቅም። ከኪሴ አወጣሁ፣ ጓደኞቼም አዋጡልኝ። እንኳን ምርጫ ሠርግም ያለ መዋጮ አይሆንም!" ሰው ሳቀ። ወደ ቲቸር ዞረ። "የእርስዎ የድምፅ ማጉያስ? በጸሎት ነው የሚሠራው?"

ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለው አጉረመረሙ። "ይሄ ደግሞ ሳይሾም ጀመረ።"

ቲቸር ተነሡ። ቆንጆ ነበሩ። ኮታቸው ልክ ሆኗል፣ እኔ ነኝ ያጠበብኩት።

"ከሀብታም የበላ አፍ ለድሃ አይጮህም" አሉ። "የእኔ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ አለች። እናት የላት፣ አባት የላት..."

እናቴ አለች እኮ። ቲቸርም ያውቋታል። የማታ ትምህርት ሊያስመዘግቡኝ እሷን ነው ያስፈቀዱት።

"...የስፌት መኪና ልትገዛበት ያጠራቀመችውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። 'ለማንም አይንገሩብኝ' አለችኝ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን አቀጠኑት። በእኔ ድምፅ አሉት። አንገታቸውን እንኳን እንደ እኔ ሰበር አደረጉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንዱ ወደ እኛ ዞሮ ያያል፣ በመደዳችን ከእኔ ሌላ ልጅ የለችም። አክስቴም ዞራ አየችኝ።

አላጨበጨበችም።

ጥር 14

ከሰዓት አክስቴ ክር በመርፌ ውስጥ እየከተተች፣ ቀና ሳትል፣ "ለእናትሽ መሞቷን ማን ይነግራታል?" አለችኝ።

ልስቅ ነበር... ከዚያ ግን እያለቀስኩ ነበር።

"ከእኔ ለምን ደበቅሽኝ?"

"ትከለክዪኛለሽ ብዬ።"

"ማጠራቀምሽን አውቅ ነበር። እኔም አልፎ አልፎ ጣል አደርግበት ነበር። ቶሎ እንድትገዢ ብዬ።"

ገንዘቡን ባየሁት ቁጥር ካሰብኩት በልጦ አገኘው ነበር። ሒሳብ ስለማልችል ነው ብዬ ነበር። ለካ እሷ ናት።

ጥር 15

ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሴትዮ "ወላጅ አልባዋ አንቺ ነሽ?" ብላ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። አክስቴ "አዎ፣ እኔም ሞቻለሁ፣ ዛሬ ብቻ ተፈቅዶልኝ ነው የመጣሁ" አለቻት።

ጥር 17

ጨርቅ አልቆብን ነበርና ጭነት መኪናው እንደገና መጣ። አክስቴ ሾፌሩን ጠየቀችው። "ስማ የኔ ወንድም፣ እንዲህ በመኪና በመኪና የምትገዛው ይህቺ ቲቸር ስንት ብትከፍላችሁ ነው?"

"ትከፍላለች? ኧረ እትዬ!" ሾፌሩ ሳቀ። "የጌታው ስጦታ ነው። ድምፅ ማጉያውም፣ የሚዞርበት መኪናም። አልነገሯችሁም እንዴ?"

አክስቴ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። "የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ!"

እጄ ላይ ስካርፍ ነበር። ጠርዙን በጣቴ ዳበስኩት። እጥፋቱ ውስጥ ዝሆኑ አለ፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ። እንዲያምር!

ምናልባት ሾፌሩ ተሳስቶ ቢሆንስ? ነገ እጠይቃቸዋለሁ። እኔ... መጠየቅ እችላለሁ?

ጥር 18

ጠየቅኩ።

የቅስቀሳ ቢሯቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ "ቲቸር፣ ዝሆኑ..." ብቻ አልኩ። ገባቸው። በሩን ዘጉት።

"ሳንቲም በእጄ አልተቀበልኩም። ጨርቅ ነው። ማጉያ ነው። ዕቃ ገንዘብ ነው እንዴ?"

ወንበር ሳቡልኝ፣ ቆሜ ቀረሁ።

"ያለ ማጉያ ማን ይሰማኛል? ባለ ወፍጮው ሲጮህ እኔ ላንሾካሽክ? የአንቺ ልብ ጥሩ ነው፣ ግን ያንቺ ገንዘብ የአንድ ቀን ነዳጅ አይሞላም።"

"መደዳውስ?"

መስኮቱን አዩ። "ከሕንፃው ኋላ በኩል ትንሽ ቦታ ይሰጣችኋል። ተነጋግረናል።"

ተነጋግረናል... በእኛ ሱቅ ላይ፣ እኛ ሳንኖር።

ከዚህ በኋላ እሳቸው ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። እሷ ልበል። እሷ።

"እናቴ አለች እኮ" አልኳት። ይህ ለምን ከሁሉ ቀድሞ እንዳንገበገበኝ አላውቅም።

"እናትዬ፣ ክርክር ነው" አለችኝ። ትከሻዬን ያዘች። "ለመጨረሻው ክርክር ስካርፉን አድርገሽ ከፊት ተቀመጪ። ስጠራሽ ተነሺ። መናገር የለብሽም፣ ሰው ይይሽ ብቻ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምለው። እሷም ታውቃለች፣ አስተማሪዬ አይደለች?

ጥር 20

ነገ የመጨረሻው ክርክር ነው።

"ብትቀሪስ? ዝም አይነቅዝም" አለችኝ አክስቴ። እሷ እንኳን የምትመክረኝ ዝም እንድል ነው። የእኔን ዝምታ ግን ቲቸር ወስዳ ስትናገርበት ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ ሰጥታው።

አልቀርም።

ለአክስቴ ያሰብኩትን ነገርኳት። ሱቁን ዙሪያውን አየችው። ሱቁ ቢፈርስ እሷ ናት ከኋላ ጓዳ የምትገባ፣ ወይም እሱንም የምታጣ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ትንሿን መቀስ ሰጠችኝ። "በትልቁ እንዳትሞክሪ፣ ጨርቁን ይበላዋል።"

ነገ ጠዋት የራሴን ስካርፍ እጥፋት እተረትራለሁ። ጠርዙን በካውያ አቃናዋለሁ። አንገቴ ላይ አድርጌው ከፊት እቀመጣለሁ። ስትጠራኝ እነሳለሁ፣ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ሰዉ እዞራለሁ፣ ዝሆኑን ሁሉም እስኪያየው እቆማለሁ።

መናገር የለብሽም ብላኛለች። አልናገርም።