አመድ የበዛበት የአጎቴ ዘንግ

ቴንሞዚዬ፣

ከኮይምባቱር ከተማ ትኩስ ወሬ ልንገርሽ! አጎቴ ቬላዩታም በማቅለጫ ቤታቸው አሉሚኒየም ከሩዝ ገለባ አመድ ጋር እየቀላቀሉ የውሃ ፓምፕ ዕቃ ይሠራሉ። «አመዱ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» ባይ ናቸው። ልጃቸው ያዢኒ ደግሞ «አባዬ፣ ትንሹ ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን እንደ ዳጉሳ ገንፎ ይጓጉላል። ስንጥቁም የሚጀምረው ከጓሉ ነው» አለቻቸው።

«እንግዲያው ሁለታችንም በየቅልቅላችን አንዳንድ ዘንግ እናውጣ፤ ዘንግሽ ከዘንጌ ከበለጠ የቅልቅሉ አዛዥ አንቺ ነሽ፤ ካልሆነ አፍሽን ይዘሽ ቢሮ ትቀመጫለሽ!» አሉ አጎቴ።

እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ወዳለው፣ ብረት እስኪበጠስ እየሳበ ጥንካሬውን ወደሚለካው መጎተቻ ማሽን ሄድን። እኛ ጋ ራሜስዋራም፣ ዓሣ አጥማጅ አባቶቻችን የመረብ ገመድ የሚፈትኑት አንዴ ጎትተው፣ አሥር ጊዜ ምለው ነው፤ ማሽን ግን መሐላ አይሰማም። አጎቴ ለበረከት ብለው ዘንጋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰንደል እንጨት ልውስ ቀቡት። ማሽኑ ሲስብ ዘንጉ ከመንጋጋው ሙልጭ ብሎ ወጣ።

«አያችሁ? ማሽኑ እጁን ሰጠ!» ብለው ጨፈሩ።

«ጋሼ፣ አዳልጦት ነው» አለ ባለማሽኑ። ጠርጎ መለሰው። ዘንጉ ምንም ሳይለጠጥ፣ እንደ ጠመኔ ቀጭ! የያዢኒ ግን ያንን ጉልበት አልፎ ሄዶ፣ ተለጥጦ ተለጥጦ ነው የተበጠሰው። ጩኸታችን እናንተ ጋ አልደረሰም?

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ አያትሽንም። ይህን ክፍት ፖስት ካርድ ፖስታ ቤት የሚያደርሱት አጎቴ ናቸው፤ ማንበባቸው አይቀርም። አጎቴ፣ እስከዚህ ካነበቡ ከታች ይፈርሙ!

ኢላኪያ

አንብቤያለሁ። ልጄ አሸንፋለች። ቴንሞዚ፣ ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪ፤ ዕድሜ ልኩን ይስቅብኛል።
ቬላዩታም