ስለ ጸዳው የሥራ ሰሌዳችንና ስለማይጮኸው ደወል

ለተከበሩ የሶፍትዌር ክፍላችን ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ሥራ ሰሌዳችን የተስተካከሉ እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔ ፕሮግራም ከመለቀቁ በፊት የምፈትሽልዎ ሠራተኛ ነኝ፤ ደኅና ነኝ፣ ካልሆንኩም የቱ ጋ እንደሚያመኝ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ሁሉ ሰው በሚያነበው ቦታ የምጽፈው ለአረጋውያን መጦሪያው የሠራነው የጥሪ ደወል እንዲጠገን ፈቃድዎን ለመለመን ነው። አረጋውያኑ ከአልጋቸው ጎን በገመድ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ሲጫኑ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ይጮኻል፤ ስክሪኑ ሳይነካ ቆይቶ ከጠፋ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። አሳዳጊ አክስቴ የምትኖረው እዚያ ነው።

፩ኛ) ሁሉንም ሥራ «አስቸኳይ» ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። በኮምፒውተር በምናየው ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ካርድ አለው፣ አስቸኳዩም ቀይ ነው፤ የደወሉ ካርድ ቀይ ነበር፣ የአርማችን ቀለም ይድመቅ የሚለውም ቀይ ነበር፣ ያው የአርማው ጉዳይ በሦስት ሰዎች ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስቱም ቀይ ነበሩ። ሁሉ አስቸኳይ በሆነበት ቤት ማንም አይቸኩልምና እኛም ረጋ ብለን ኖርን።

፪ኛ) ሰሌዳው ሲጨናነቅ፣ ለሁለት ሳምንት ያልተነካ ካርድ በራሱ እንዲሰረዝ ያወጡት ደንብ ብልህነትዎን ያሳያል። ደንቡ መነካቱን እንጂ መሠራቱን ስለማይጠይቅ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ሻያችንን ይዘን በየካርዳችን ግርጌ አንዳንድ ነጥብ ማስቀመጥ ለመድን። የስክሪን ገጽ የምትነድፈው ባልደረባችን ውሉን አፍርሶ ለሄደ ደንበኛ ካርድ ሳይቀር ነጥብ ታስቀምጣለች፤ ለምን ብላት ሲሰረዝ ማየት እንደሚከብዳት ነገረችኝ። እጃችን አላረፈም፣ ነገሩ ግን ውሃ ወቀጣ ነበር።

፫ኛ) እኔ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ የደወሉ ካርድ ላይ ነጥብ የሚያስቀምጥ አልተገኘም፤ ካርዱም ሄደ። በዚያው ሰሞን ሰሌዳው ባንድ ስክሪን ልክ ሆነልን ብለው ኬክ አስመጡ፤ የእኔንም ድርሻ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠውልኝ ስላገኘሁ ውለታዎን አልረሳም። አክስቴ ከአልጋዋ ወድቃ ቁልፉን ደጋግማ ብትጫን ብትጫን የሚሰማ አጥታ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ እስክታያት ወለሉ ላይ ቆየች። ዳሌዋ ተሰብሯል። ከእንግዲህ አትራመድም ብለውናል።

፬ኛ) ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ ወንበር ስበው ስላስቀመጡኝ፣ አዲስ ካርድ እንድከፍትም ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ከፈትኩ። ቀድሞ ከተሰረዘ ካርድ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ በማግስቱ ተዘጋ። አጠገቤ የሚቀመጠው ፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ ይላል፤ ነገር ግን ካርድ የሌለው ሥራ እንዳይነካ ያዘዙት እርስዎ ነዎትና እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ክቡርነትዎ፣ ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ። ቁጣዬን ፈልጌ አጣሁት፤ ለማልቀስም ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠዋት እመጣለሁ፣ ማታ እሄዳለሁ። ለአፍ ዳገት የለውም ካላሉኝ፣ አንድ ሰው በሳምንት አንዴ ቁጭ ብሎ ካርዶቹን ቢያነብ፣ የተደጋገመውን ቢያዋህድ፣ የሞተውን ቢቀብር፣ ሰው የሚጎዳውን ከሁሉ በላይ ቢያደርግ፣ ሰሌዳው ያለ ደንብም ይጸዳ ነበር። ለጊዜው የምለምንዎ ግን አንዲት ካርድ ብቻ ነው።

ሰሌዳዎ ዘወትር የነጣ፣ ስብሰባዎ ዘወትር ያጠረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ዝቅ ብዬ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣
የፍተሻ ሠራተኛዋ

የተረሳ፦ እናትዎ በዚህ ሳምንት እዚያው መጦሪያ ገብተዋል፤ ክፍላቸው ከአክስቴ ክፍል ቀጥሎ ነው። ልጠይቃቸው ብገባ ደወሉን ልጃቸው እንዳሠራው በኩራት አጫወቱኝ። ቁልፉን እንዴት እንደሚጫኑ አሳየኋቸው፤ ከወደቁ ግን እሱን ትተው እንዲጮኹ መከርኳቸው። አንድ ሁለቴም አስሞከርኳቸው። ድምፃቸው ደካማ ነው።