«አልሰጥም» ማለት አለመረዳት ለሆነበት ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ከፋለ፣ የቀበሌያችን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እየጠየቅሁ፣ የአሸተን ማርያም ጥበቃ እንዳይለይዎ እመኛለሁ። ስለ ወንድሜ ስለ ሰጠኝ አረጋ አእምሮ በድንገት ያደረባችሁ ጭንቀት ቤተሰባችንን በእጅጉ ስላስደነቀ፣ ምስጋናችንን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

1ኛ. ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከሃያ በላይ አይቆጥርም፣ ነገርም ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ይህን አልደብቅም። እናታችን የተወችለትን የገብስ ማሳ ግን ራሱ አርሶ፣ ራሱ አጭዶ ይኖራል። በየዓመቱ ለእርከን ሥራ ስትጠሩት አእምሮው ሙሉ ነበር፤ በስብሰባም እጁን ሲያወጣ «በሙሉ ድምፅ» ከተባለው ውስጥ ተቆጥሯል። ጉድለቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስላገኛችሁለት እናመሰግናለን።

2ኛ. በጥቅምት ወር ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው፣ ሎጅ ይሠራበታል እየተባለ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ለኩት። በሳምንቱ ኮሚቴው ለሰጠኝ ሞግዚት ሾመለት፤ ሞግዚቱም የባለቤትዎ ወንድም ሆነው ተገኙ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልሁ ስላደግሁ ጠረጠርሁ እንጂ፣ ሁለቱ ነገር እንደማይገናኝ እርስዎ ያውቃሉ።

3ኛ. መሬቱን ለሞግዚቱ ያስረክብ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ሦስት ጊዜ «አልሰጥም» ብሏል። ስሙ ሰጠኝ እንጂ ሰጠኋችሁ አይደለም። ጸሐፊያችሁ ግን «ጥያቄውን አልተረዳም» ብለው መዘገቡ። እሺ ቢል ኖሮ በደንብ ተረድቷል ይባል እንደነበር እጠረጥራለሁ። ከሁሉ የገረመኝ የቃለ ጉባኤው መጨረሻ ነው፤ «መወሰን የማይችል መሆኑን አምኖ በጣት አሻራው አረጋግጧል» ይላል። አውራ ጣቱን ይዞ ቀለሙ ላይ የጫነው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። እኔ እንዳልገባ ተከልክዬ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ገፍቼ አለመግባቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የምለምንዎ፣ ጉዳዩ ወደ ወረዳ ከመተላለፉ በፊት ቃለ ጉባኤው በቀስታ እንዲነበብለት ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ላስረዳው፤ ቃሉ ግን የእሱ ይሁን። አልሰጥም ካለም፣ አልሰጥም አለ ተብሎ ይጻፍ።

ማሳችንን እንደ ዓይንዎ ብሌን ስለሚመለከቱልን እጅ እየነሳሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ገለቴ አረጋ፣ የሰጠኝ አረጋ እህት
ኅዳር 1998 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤታችሁ በር ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር። ሰጠኝ ግን ቅዳሜ ገበያ መሐል ይነበብ ብሎ ወሰነ። ቅር ካለዎት ለሞግዚቱ ያመልክቱ።