ምሽቱ አጨደችው

ውድ ትህትና፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የመካነ ሰላም ብርድ አልለቀቀኝም እንጂ ሌላው ሁሉ ደስ ይላል።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን አንቺ አዲስ አበባ በግብር ጉዳይ ብቻ የሚከራከር የጥብቅና ቢሮ ገባሽ። እኔ ደግሞ እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በሩ ላይ «ወንጀል፣ ቤተሰብ፣ መሬት» ብዬ ለጠፍኩ። «ሁዳ፣ አንዱን ያዢ! ገና በጀማሪነትሽ ሦስቱን ስታሳድጂ ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆኛለሽ» አልሽኝ። አልነገርኩሽም እንጂ አንድ ወር ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር። እውነትሽን እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

ባለፈው አልታየች የምትባል ሴት በስርቆት ተከሳ መጣችልኝ። ሞላ የሚባል ገበሬ ሽማግሌ ልኮ አግብቷት አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ የጋብቻ ወረቀት ግን የላቸውም። ሞላ ሲሞት ወንድሙ ቢያድግልኝ «ሠራተኛው እንጂ ሚስቱ አልነበረችም» አለ። በእጇ የዘራችውን ገብስ ብታጭድ፣ ሰረቀችኝ ብሎ አስከሰሳት። ቢፈረድባት እስር ነው፤ ቤቱም መሬቱም በዚያው ሄደ።

የወንጀሉን መዝገብ ሳገላብጥ ልቤ ወረደ። ጎረቤታቸው ጋሽ ጀብሪል ለፖሊስ ሰጡ የተባለው ቃል «ገብሱን በምሽት አጨደችው» ይላል። አልታየች «ኧረ በቀን ነው!» ብትለኝም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አላመንኳትም። ሳምንቱን ሙሉ «ሽማግሌው በጨለማ እንዴት ለይተው አዩ?» የሚል መከራከሪያ ስጽፍ ሰነበትኩ።

ሚስትነቷን ለማስወሰን በቤተሰብ ችሎትም መዝገብ ከፍቼላት ስለነበር፣ እኒያኑ ጋሽ ጀብሪልን ለምስክርነት ቢሮዬ ጠራኋቸው። «አልታየች ለሞላ ምኑ ነበረች?» አልኳቸው።

«ምኑ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ምሽቱ ናታ! ለፖሊሱም ነግሬዋለሁ እኮ። ገብሱን ማን አጨደው ቢለኝ፣ ምሽቱ አጨደችው አልኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ወላሂ፣ እኔው ነዶውን አሸክሜያት!»

የፖሊሱን ቃል ደግሜ አነበብኩት። ከከተማ የመጣው መርማሪ አንዲት «በ» ጨምሮ ሚስትን ማታ አድርጓታል። እሱስ ይሁን፣ እኔ የኩታበር ልጅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የእገሌ ምሽት» ሲል እየሰማሁ ያደግኩት ምን ሆኜ ነው? ሕጉ ሲገባ አማርኛው ወጣ መሰለኝ። ጋሽ ጀብሪል ብቻዬን ስስቅ አይተው «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። የወንጀሉን ጉዳይ ብቻ ይዤ ቢሆን ያንን ጥያቄ መች እጠይቃቸው ነበር!

በወንጀል ችሎቱ ጋሽ ጀብሪል ያንኑ ደገሙት። አልታየች በነጻ ተሰናበተች። ውጭ ወጥተን «እሰይ!» ብዬ ሳቅፋት ፊቷ አልተፈታም።

«እታለሜ፣ ዳኛው ምሽቱ ነሽ አሉኝ?»

«እሱ የሐሙሱ ችሎት ነው። የዛሬው ስርቆቱን ብቻ ነው ያየው።»

«ታዲያ ምኑን ነጻ ወጣሁት?» አለችኝ።

መዝገቡን የከፋፈልነው እኛ ነን፤ ለእሷ አንድ ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ቢሯችን ቦታ አለ፣ ነይ» ብለሽ ስላሰብሽልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ግን አልመጣም። ከሦስቱም አንዱን በቅጡ አላውቅም፣ ሳነብ አመሻለሁ፣ እሳሳታለሁ። ቢሆንም እዚህ ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ ዕለት ዳኛዋ «የሟች አቶ ሞላ ሚስት» ብለው አነበቡ። አልታየች ብድግ ብላ «ሚስት ማለት ምሽት ነው አይደል?» አለቻቸው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «አዎ፣ ምሽት» አሉ። ይኼኔ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ለካ ቀብሩ ላይ ቤተ ዘመዱ እንደ ባዳ ከኋላ አስቁሟት ነበር። ላባብላት ስነሣ ጋሽ ጀብሪል እጄን ያዙኝ።

«ተያት ልጄ» አሉኝ፤ «ባሏ የሞተባት ዛሬ ነው።»

ያንቺው ሁዳ
መካነ ሰላም